እሳቸው ብለዋል

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ ወጣሁ። የከሰል አካፋው በእጄ ነበር፤ ማስቀመጡንም ረስቻለሁ። ከበላዬ ስልሳ የሽመና ማሽኖች ይንኳኳሉ፣ ሳንቃው ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። የምፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ ማንም ይሁን፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በመነጋገሪያው ቧንቧ ያዘዘኝን ሰው።

የቢሮውን በር አንኳኳሁ። ገፋሁት።

ማንም አልነበረም። ጠረጴዛው ተወልውሏል። የቀለም ዕቃው እንደ ወትሮው ጠዋት ተሞልቷል፤ ብዕሩ ግን ደረቅ ነው። ጥቁሩ ካፖርት መስቀያው ላይ ተቦርሾ ተንጠልጥሏል። ወንበሩ ሰው እንዲቀመጥበት ያህል ትንሽ ወደ ኋላ ተስቧል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ማንም አልተቀመጠበትም። ግድግዳው ላይ የቧንቧው የነሐስ ክዳን በሰንሰለቱ እየተወዛወዘ ነው። አንድ ሰው አሁን ተናግሮ ወጥቷል።

«ደህና አደሩ» አልኩ። ለካፖርቱ መሆኑ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው።

ያ ቧንቧ ከቢሮው ተነሥቶ በግድግዳው ውስጥ አልፎ እስከ እሳት ቤቱ ይወርዳል። በሁለቱም አፎቹ ፊሽካ ያለው ክዳን ተወትፎበታል። ከላይ ሲነፉበት ከታች ያፏጫል፤ እኔ ክዳኑን ነቅዬ ጆሮዬን እደቅናለሁ። ያስተከሉት ትልቁ ጌታ፣ ፋብሪካውን የመሠረቱት ሰውዬ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው፤ «እኔ ነኝ።» ከዚያ ትእዛዙ ይከተላል። ሌላ ሰው በዚያ ቧንቧ ስለማይናገር ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልጋቸውም ነበር።

በደረት ሕመም ሞቱ። ፋብሪካው ለሁለት ልጆቻቸው ቀረ። ታላቁን ጋሼ እንለዋለን። ታናሹ ባሕር ማዶ ለምህንድስና ተልኮ ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ፤ ሠራተኛው መሐንዲሱ ይለዋል፣ እሱም አክብሮት ይመስለዋል። ማን ምን እንደሚያዝ አልተወሰነም። አንዱ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ ሌላው አባታችንን ገፈተርካቸው ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱም ተራ በተራ ይገባሉ፣ ቆመው በቧንቧው ይናገራሉ፣ ይወጣሉ። አንዱ ያዘዘውን ሌላው አያውቅም። ሁለቱም እንደ አባታቸው «እኔ ነኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ጉሮሯቸው የአባታቸው ነው፤ የቀረውን ልዩነት ደግሞ ቧንቧው ይበላዋል። እኔ ከታች ሆኜ ሦስቱን እንደ አንድ ሰው ነው የምሰማቸው፤ ሁለቱ በሕይወት ያሉ፣ አንዱ የሞቱ።

መጠየቅ አይቻልም። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረው ሌላው እሳት አንዳጅ አንድ ቀን «ማን ልበል?» ብሎ ነበር። የጌታውን ድምፅ የማያውቅ እዚህ ምን ይሠራል ተብሎ ተባረረ። የተባረረው በዚያው በቧንቧ ስለነበር፣ ማን እንዳባረረው ሳያውቅ ሄደ።

ትልቁን ጌታ ከሞቱ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። «እሳቸው» ብቻ ነው። ጋሼ የብርድ ልብሱ ጠርዝ ሰማያዊ ይሁን ሲል «እሳቸው ሰማያዊ ነበር የሚወዱት» ይላል። መሐንዲሱ ቀይ ሲፈልግ «እሳቸው በመጨረሻ ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር» ይላል። በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጠርዝ ያለው ብርድ ልብስ ሸምነን እናውቃለን። አንድ ቀን ካቦው አርፍዶ መጣና «እሳቸው ጠርተውኝ ነው» አለ። ቀልድ ነበር። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ራሱ ወዲያው ፊቱ ጠቆረ።

ወደ ቢሮው የሮጥኩበት ቀን አንድ ሻለቃ የጦሩን ብርድ ልብስ ሊረከቡ የሚመጡበት ቀን ነበር። ጋሼ የተበላሹት ማሽኖች እንኳ ባዷቸውን ይሽከርከሩ፣ ሻለቃው ሲገቡ አዳራሹ ሁሉ ሲንቀሳቀስ ይዩ ብሎ ነበር። ባዶውም ሙሉውም የሚጠጣው የእኔን እንፋሎት ነው።

ጋኑ ብለን የምንጠራው ትልቁ የእንፋሎት ማፍያ ነው። በጀርባው ላይ መተንፈሻ አለው። በመተንፈሻው ላይ የብረት ክንድ ተጋድሟል፤ ክንዱ ሰባት ጥርስ አለው፤ ከጥርሶቹ በአንዱ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል። ክብደቱ ወደ ጫፍ በሄደ ቁጥር እንፋሎቱ ታምቆ ይቆያል፤ ማሽኑም ይፈጥናል። በትልቁ ጌታ ጊዜ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ነበር። በዚያ ጠዋት አምስተኛው ላይ አገኘሁት።

መጀመሪያ ቧንቧው አፏጨ። «እኔ ነኝ። አንድ ጥርስ ግፋው።» ገፋሁ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና አፏጨ። «እኔ ነኝ። ማን ንካው አለህ? መልሰው።» መለስኩ። ሦስተኛው ጊዜ ድምፁ የቸኮለ ነበር። «እኔ ነኝ። ለምን ቀነሰ? እስከ መጨረሻው ጫን።»

ሰባተኛው ጥርስ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲያ ጥርስ የለም።

ጎንበስ ስል አየሁት። በጋኑ ሆድ ላይ፣ ሁለቱ የብረት ሰሌዳዎች በተጋጠሙበት፣ በሁለት ብሎን መካከል ጸጉር የመሰለ ነጭ የእንፋሎት ክር ይወጣል። ጨርቅ አስጠጋሁ፤ ጨርቁን ከእጄ ገፋው። ከዚያ ስፌት በላይ ወለሉ ነው። ወለሉ ላይ አራተኛው የሽመና ማሽኖች መደዳ ነው። አራተኛው መደዳ ላይ እህቴ ቆማለች።

ባሏ ሲሞት ካቦውን ለምኜ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሳቱን ባጠፋ፣ ከቀንም በዚህ ቀን፣ እኔም እሷም ከግቢው ውጭ ነን። ባላጠፋ ደግሞ የጋኑ ሆድ ከእግሯ ሥር ይከፈታል። አካፋውን ይዤ የሮጥኩት ለዚህ ነበር። ያዘዘኝን ላገኝና ትእዛዙን ላስመልስ።

ከቢሮው ስወጣ ካቦውን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ማን እንዳዘዘኝ ጠየቅኩት።

«እኔ ምን አውቄ? የታዘዝከውን አድርግ።»

«የትኛውን? ሦስት ትእዛዝ ነው ያለኝ።»

«የመጨረሻውን።»

«የመጨረሻው ይገድለናል።»

አካፋዬን አየ፣ ፊቴን አየ። «እንግዲያው የመካከለኛውን» አለና ግድግዳውን ታክኮ አለፈ።

በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከትኩ። ጋሼ አዲስ ጓንት አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል፤ የሻለቃው ሠረገላ እየገባ ነው። እዚያ ደርሼ፣ በሻለቃ ፊት፣ በከሰል ፊቴ ምን እላለሁ? መሐንዲሱ ማቅለሚያው ቤት ነው አሉ፤ ያ ደግሞ የግቢው ሌላ ጫፍ ነው።

በሽመናው አዳራሽ አቋረጥኩ። እዚያ ድምፅ ከድምፅ አይለይም፤ ሸማኔዎቹ በከንፈር ነው የሚነጋገሩት። እህቴ አየችኝ። ምን ሆነሃል አለች በከንፈሯ። ውጪ አልኳት። ማሽኑን በእጇ ጠቆመችኝ፤ እየዞረ ጥሎት የሄደ ሰው ተመልሶ አይገባም። ውጪ አልኳት ደግሜ። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ወደ ክሯ ዞረች። በዚህ ቀን እንዳታዋርደኝ የምትል ትመስል ነበር።

ወረድኩ። የምድጃውን በር ከፈትኩና እሳቱን በረጅሙ መቆስቆሻ ወደ ወለሉ ጠርጌ አወጣሁት። በላዩ እርጥብ አመድ ከመርኩበት። ክብደቱን በአንድ ጊዜ አላነሣሁም፤ እንዲያ ቢደረግ ጋኑ ይደነግጣል። አንድ ጥርስ መለስኩ፣ ጠበቅኩ፣ ሌላ ጥርስ መለስኩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መተንፈሻው ተነፈሰ። የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ይመስል ነበር።

ከላይ ማሽኖቹ አብረው ደከሙ። ቀበቶዎቹ ረገቡ። ከዚያ ፀጥ አለ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ስሠራ በሥራ ሰዓት ያን ፀጥታ ሰምቼው አላውቅም። አንዲት ሴት አዳራሹ ውስጥ ስታስል ከታች ሆኜ ሰማኋት።

መጀመሪያ ሮጦ የወረደው መሐንዲሱ ነው። ቀጥሎ ሌሎቹ መጡ፤ የብረት ደረጃው አፍ ላይ ግን ቆሙ። እሜቴ፣ የትልቁ ጌታ ባለቤት፣ ለሻለቃው ክብር ከግቢው ማዶ ካለው ቤታቸው መጥተው ነበርና ማን ይቅደም የሚለው ጣጣ ሆነ። ሻለቃው እሜቴ ይቅደሙ አሉ። እሜቴ እንግዳ ይቅደም አሉ። ጋሼ በመካከላቸው ጓንቱን እያሻሸ ወደ እኔ ያያል። ጋኑ ከስድስት ክንድ ርቀት ላይ ክሩን እየተፋ እነሱ ይግደረደራሉ። በመጨረሻ ሻለቃው ሰይፋቸውን በእጃቸው ደግፈው ቀደሙ። ከኋላ ካቦው መጣ። ከካቦው ኋላ ሸማኔዎቹ በሩን ሞሉት፤ እህቴም በመካከላቸው ነበረች።

«ማን አዘዘህ?» አለኝ ጋሼ። አልጮኸም። እንግዳ ስላለ ነው።

ማንም አላለኝም ልል ነበር። እውነቱ ያ ነው። ግን እህቴን አየኋት፤ ክር የተጣበቀበት መሐረቧን አየሁ። ዓይኔ ወደ እሜቴ ዞረ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጠዋት ያሉትን ከሰዓት ይረሳሉ። ሁለቱም ልጆች በእናታቸው ቃል ላይ ቃል አይጨምሩም። እሳቸው አዘዙ ብል፣ አላዘዝኩም ለማለት ይጠራጠራሉ፤ ነገሩ ይድበሰበሳል። ያሰብኩት ይህን ነው። ከዚህ የበለጠ ተንኮል አልነበረኝም።

«እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ» አልኩ።

ለእናት እሳቸው ነው፤ ለአባትም እሳቸው ነው። በዚያ ቤት ግን ቃሉ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያንን ረሳሁ።

መሐንዲሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሼ ወደ ቧንቧው አየ። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አሉ። ካቦው ቆቡን አወለቀ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር፤ እሜቴን ነው የማየው፣ እሳቸው ይክዱኛል ብዬ።

እሜቴ ጠጋ አሉኝ። የከሰሉ አቧራ ነጠላቸውን ሲነካው አላስተዋሉም።

«ምን አሉህ?» አሉኝ።

አሉህ ሲሉ የሞቱትን ባላቸውን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። መመለሻው ጊዜ ያ ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እሳቱን አውጣው፣ አሉኝ።»

«ድምፃቸው እንዴት ነው?»

ቧንቧ ድምፅን ሁሉ ያሻክራል፤ የማውቀውን ተናገርኩ። «ትንሽ ጎርነን ብሏል፣ እሜቴ። ጉንፋን የያዛቸው ነው የሚመስለው።»

እሜቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ደረታቸው አሁንም አልተሻላቸውም» አሉ።

በዚህ መካከል ሻለቃው በሽማግሌ ጉልበታቸው ቁጢጥ ብለው የጋኑን ሆድ ይመለከቱ ነበር። መድፈኛ ነበሩ፤ ብረት ያውቃሉ። ነጩን ክር ሳይነኩ በጓንታቸው ጫፍ አሳዩ። ተነሥተው ጋሼን ትከሻውን ያዙት።

«አባታችሁ ዛሬ እናንተንም እኔንም አተረፉን» አሉ። «ላገኛቸው እወድ ነበር፣ ግን ካመማቸው አላስቸግርም። ሰላምታዬን አድርስልኝ።»

ሞተዋል የሚላቸው ሰው ጠበቅኩ። ማንም አላለም።

«እሺ፣ አደርሳለሁ» አለ ጋሼ።

በማግስቱ ጋን ጠጋኙ መጣ። ስፌቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገው። በአምስተኛው ምት መዶሻው ሰሌዳውን በስቶ ገባ። «ወረቀት ነው» አለ። ቀዳዳውን አየና ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛው መደዳ አየ። «ማን ነው እሳቱን ያስወጣው?» ሲል ካቦው ጆሮው ላይ አንሾካሾከለት። ጠጋኙ ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ዓይኔን አያይም ነበር።

እውነቱን ለእህቴ ብቻ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ዋሽቼ ነው አልኳት፤ በቧንቧው ማንም አላናገረኝም፣ እሜቴን ማለቴ ነበር። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«እንዲህ አትበል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሰማሉ።»

በሁለተኛው ቀን መሐንዲሱ መጣ። የቀዘቀዘውን ጋን ዞረው፣ ቧንቧውን ዞረው፣ ሳቅ ሊል ሞከረ። ስለ ቀበቶዎቹ ነገር እሳቸው ምንም አላሉም ወይ አለኝ። ቀበቶዎቹ ተተልትለዋል፤ አንዱ ባለፈው ክረምት የአንዲት ሸማኔ ጣት ወስዷል። እንዲለወጡ ሦስት ዓመት ለምኛለሁ።

«ይለወጡ ብለዋል» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ቀበቶ በጋሪ ገባ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቆሜ ሲያራግፉት አየሁ። ካቦው አጠገቤ መጣና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሲያናግሩህ የእኔን ነገር ጣል አድርግላቸው አለ። የእሱ ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እሺ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ብቻውን ወረደ። ጠጋኙ አዲሱን ሰሌዳ ለማምጣት ሄዶ ነበር። እሳት የሌለበት እሳት ቤት ምን ያህል ጨለማ እንደሆነ ያን ሰሞን ነው ያወቅኩት፤ በቀን ፋኖስ አበራ ነበር። ጋሼ ጓንቱን አወለቀ። የተደፋው የከሰል ጋሪ ላይ በንጹሕ ሱሪው ተቀመጠ። እንዲቆም ልነግረው አስቤ ተውኩት።

ሰሌዳው ጥሩ ብረት እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ስለ ጠጋኙ፣ ከዚያ ስለ ሻለቃው አነሣ። ሲያወራ የሆነ ነገር ጆሮዬን ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው የለየሁት። አሥራ አንድ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረው ሰው አንቱ እያለኝ ነው።

«ጫን ያልኩዎት እኔ ነኝ» አለ። «መጨረሻ ላይ።»

የፋኖሱን ክር ከፍ አደረግኩ።

«እሳቸው ያንን ያውቃሉ?»

አላውቅም አልኩ። እውነት ነበር።

ፋኖሱን አየ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ሦስቱን ቀን የተኛ አይመስልም። የመጣበትን ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ስለ እኔ ምን ይላሉ?»

ልነግረው ፈለግኩ። ጌታዬ፣ ማንም አላናገረኝም፤ አባትዎ ሞተዋል፤ እሳቱን ያወጣሁት ፈርቼ ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ሰሌዳው ገና አልተገጠመም። እሳቱን ያወጣው ሰው ነው ካልኩ፣ ያም ሰው እኔ ከሆንኩ፣ ነገ ወንድሙ ምን ይላል፣ እሱ ራሱ ምን ይላል? ያንኑ ወረቀት ደፍነው ሰባተኛው ጥርስ ላይ ይሰቅሉታል። ከላይ የሴቶቹ እግር ይሰማኛል፤ ሥራ ስለሌለ አዳራሹን እየጠረጉ ነው።

«ጠይቀዋል» አልኩ።

«ምን ብለው?»

«በልቷል ወይ ብለው።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ተናወጠ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። እኔ ወደ ምድጃው ዞሬ የጠፋውን አመድ መቆስቆስ ጀመርኩ፤ ማድረግ የምችለው ሌላ ነገር አልነበረም። ብዙ ቆይቶ ተነሣ። ፊቱን በጓንቱ ጠረገ። ከሰሉ ጉንጩ ላይ ቀረ፤ አላሳየሁትም።

የብረት ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመና ዞረ።

«ነገም እመጣለሁ» አለ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።